ያልተቀረጹት ቅዱሳን

አዲስ አበባ በሄድሁ ቁጥር ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እሳለማለሁ፤ ከተሳለምሁ በኋላም ከግቢው ቶሎ አልወጣም። ሌላው ሰው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መቃብር ወይም ወደ አርበኞቹ ሐውልት ሲያልፍ እኔን የሚያቆሙኝ አራቱ ወንጌላውያን ናቸው። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ሙሉ ቁመና ተሰጥቷቸው ሐውልት ሆነው ቆመዋል። ካቴድራሉ ግንባታው ከጣሊያን ወረራ በፊት ተጀምሮ ከነጻነት በኋላ ያለቀ፣ በመልኩም ወደ አውሮፓ ያደላ ነው። ለብዙ አዲስ አበቤ ሐውልቶቹ ከግቢው ዛፎች የተለየ ነገር አይደሉም፤ በአጠገባቸው ሠርገኛ ፎቶ ይነሣል፣ ቀብር የመጣ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ለእኔ ለሐይቅ ልጅ ግን እንግዶች ናቸው። ባደግሁበት አገር ቅዱስ በቀለም ይሣላል፣ በዜማ ይወደሳል፣ በጽዋ ይዘከራል፤ በድንጋይ ቆሞ ግን አይቼ አላውቅም።

ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ከተማ ነው፤ ታሪክ የማስተምረውም እዚያው ነው። የእናቴ አባት ቄስ ነበሩ፣ የአባቴ እናት ደግሞ እስላም። ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ አይሆንም። አያቴ ቄሱ ከዐሥሩ ትእዛዛት የተቀረጸ ምስልን የሚከለክለውን ጠቅሰው ነገሩን ይዘጉት ነበር። አባቴን የወለደችው አያቴ በበኩሏ ምስል ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም ባይ ነበረች፤ ከሐይቅ ገበያ የተገዛችልኝን የፕላስቲክ አሻንጉሊት ከቤት ያስወጣችብኝ እሷ ናት። ሁለቱ በጾም ቀን ሥጋ ተደባብቀው የሚበሉ ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ በዚህ ጉዳይ ግን አንድ አፍ ነበሩ። ቢሆንም ትእዛዙ ብቻውን የአገራችንን ታሪክ አያስረዳም። ቢያስረዳ ኖሮ ላሊበላ ላይ እንዲያ ያለ ነገር ባልኖረ ነበር፤ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ ይገኛል። ዛሬ ገዳሙ ያለበት መሬት ከዳርቻው ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል፤ ቀድሞ ግን ደሴት ነበረ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚህ ሲያልፍ መነኮሳቱ ትልልቅ ቅል በታሰረበት የደንገል ታንኳ ይመላለሱ እንደነበር ጽፏል። ሎሚውንና ብርቱካኑን፣ በውኃው ውስጥ ያየውን ጉማሬም አልረሳም። ጉማሬው ዛሬ የለም። ሎሚ አለ።

ትውፊቱ የገዳሙን ምሥረታ ወደ 9ኛው ምዕተ ዓመት ይወስደዋል። ስሙ አገር ያዳረሰው ግን አባ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ1240 ዓ.ም. ገደማ ከገቡበት ጊዜ ወዲህ ነው። እሳቸው ያቆሙት ትምህርት ቤት ነው ቢባል ይቀላል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ተምረዋል። የጣናው ዳጋ እስጢፋኖስ መሥራች አባ ሂሩተ አምላክም የዚሁ ቤት ልጅ ናቸው። አፄ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ሲነግሥ የገዳሙ እጅ እንዳለበት ይተረካል፤ የገዳሙ አበምኔትም ዓቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ ለብዙ ዘመን በቤተ መንግሥት ትልቅ ቦታ ነበራቸው።

አባ ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ አራቱን ወንጌል አጽፈው ሰጡ። መጽሐፉ ዛሬም አለ። በኅዳጉና በባዶ ገጾቹ የገዳሙ ንብረት፣ የመጻሕፍቱ ዝርዝር፣ ሌላም ሌላም ማስታወሻ ስለተጻፈበት እንደ ታደሰ ታምራት ያሉ የታሪክ ሊቃውንት ብዙ ቀድተውበታል። እኔን የሚይዘኝ ግን ሥዕሉ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የአባ ኢየሱስ ሞአ የራሳቸው ምስል ተሥሏል። ያረፉት በ1286 ዓ.ም. ኅዳር 26 ቀን ነውና መጽሐፉ ሲጻፍ በሕይወት ነበሩ። እስቲ አስቡት፤ የሐይቅ ገዳም የራሱን አስተማሪ ከማቴዎስና ከማርቆስ ጋር በአንድ ጥራዝ አስቀምጦታል። አዲስ አበባ ላይ በሐውልት ሳያቸው የምደነቅባቸው አራቱ ወንጌላውያን ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው ሐይቅ ላይ በብራና ነበሩ።

ሥዕሉን በዓይኔ አላየሁትም። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ እኛ የምንሄደው እዚያው አቅራቢያ እስካለው የሴቶች ገዳም ነው። ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ ወንዶቹ ከአንድ ወንድ መምህር ጋር ይገባሉ፣ ሴቶቹና እኔ ውኃው ዳር ተቀምጠን እንጠብቃለን። ልጃገረዶቹ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ ቆይተው ከአሣ አጥማጆቹ ጋር ወሬ ይይዛሉ። ወንዶቹ ሲመለሱ «ምን አያችሁ?» ብዬ አስጽፋቸዋለሁ። ታዲያ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚጽፉት ስለ አንድ ነገር ነው፦ የአባ ኢየሱስ ሞአ ስለተባለው ከባድ የድንጋይ መስቀል። ስለ ብራናው የሚጽፍ ጥቂት ነው። ዲያቆን የነበረው ወንድሜ ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ልጅ የሚያስታውሰው የከበደውን ነው» አለኝ።

ነገሩ ግን ከልጅነት ያለፈ ይመስለኛል። ድንጋይ ይታወሳል። የጥንት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ የአገራችን ሰውም ድንጋይ መቅረጽ አልተሳነውም። ከክርስትና በፊት የተሠራችው የሐውልቲዋ ሴት፣ አክሱም አጠገብ ተገኝታ ዛሬ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የተቀመጠችው፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጸጥታ ታያችኋለች። እዚሁ እኛ ዘንድ በኮምቦልቻ አቅራቢያ ከድንጋይ የተጠረበ የጥንት አንበሳ አለ። ላሊበላ ስንደርስ ደግሞ ትእዛዙን ጠቅሰን እንዳናልፍ የሚያደርገን ነገር ይመጣል፦ በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ቅዱሳን ከአለቱ ወጥተው፣ እያንዳንዳቸው በየቅስታቸው ውስጥ ቆመዋል። ጀርባቸው ከአለቱ አልተለየም። ቀራጩ ከዚያ በላይ አልሄደም፤ ዙሪያውን የሚዞሩት ምስል አላደረጋቸውም። ልኩን ያወቀ ሰው ሥራ ነው እላለሁ፤ ግን እሱም ከወንድሜ የሰማሁት ነው፤ የጎልጎታም በር ለሴት ዝግ ነውና። ለእኛ የተተወልን የቤተ ማርያም ደጅ ነው፤ ከበረንዳው በላይ ሁለት ፈረሰኞች ከአውሬ ጋር ሲዋጉ ተቀርጸዋል፣ አንገት ቀና አድርጎ ማየት ነው። እንግዲህ ወሎ ያላትን ሁለቱን ታላላቅ የቅዱሳን ምስሎች፣ የሐይቁን በቀለም የጎልጎታውን በአለት፣ የማውቃቸው በወንድ ዓይን ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ታሪክ ጸሐፊ ከየት ሆኖ እንደሚያይ መናገር ስላለበት ነው።

ከላሊበላ ወዲህ መንገዱ ወደ ቀለም አደላ። ለዚህ ትልቁን እጅ የምሰጠው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ለነገሠው ለአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። የእመቤታችንን በዓላት አበዛ፣ ተአምሯ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዘ፣ ለሥዕሏና ለመስቀል መስገድን የሃይማኖት መለኪያ አደረገው። ለፍጡር አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ የደረሰባቸው ግርፋትና ሞት በገድሎቻቸው ተጽፏል። ስለዚህ ጥያቄው ያኔ «ምስል ይኑር ወይስ አይኑር» ብቻ አልነበረም፤ ለምስል መስገድ በንጉሥ አዋጅ ግዴታ የሆነበት ዘመን ነው። አያቴ ቄሱ ይህን ክፍል ሲሰሙ ጨዋታ መቀየር ይወዱ ነበር።

በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰዓሊ ወደ አገራችን መጣ፤ የእኛ ሰዎች መርቆሬዎስ አሉት። አፄ በእደ ማርያም በአማራ ሳይንት ባሠራው በአትሮንስ ማርያም እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ አቅፋ ሣለ። ሕዝቡ ተቆጣ። ግራ ለክብር አይሆንም፤ ጌታ እንዴት በግራ ይታቀፋል? ሥዕሉ ይጥፋ ሲባል ቤተ መንግሥቱ አስጠበቀው ይባላል። ጠቡን ልብ በሉት፤ ሰው የተጣላው በክንዱ ነው፣ በመሣሉ አይደለም። መሣሉ ከዚያ በፊት አልቆለት ነበር። እዚህ ላይ በዚያ ዘመን ወሎ ማለት የአገሪቱ ጓዳ እንደነበር ማስታወስ ያሻል፤ ትልልቆቹ የነገሥታት አድባራት፣ መካነ ሥላሴም አትሮንስ ማርያምም፣ በዚሁ ምድር ነበሩ። በኢማም አሕመድ ዘመቻ፣ በ1524 ዓ.ም.፣ ሁለቱም ተቃጠሉ።

ሐይቅ በሌላ መንገድ ተረፈ። የኢማሙን ዘመቻ በዓረብኛ የጻፈው ዐረብ ፋቂህ እንደሚለው ሠራዊቱ ወደ ደሴቱ የሚሻገርበትን ታንኳ ሲያዘጋጅ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያናቸው እንዳይቃጠል ተስማምተው ሀብታቸውን አስረከቡ። ወርቁ ሄደ። ወንጌሉ ቀረ። የገዳሙ ሀብት በአብዛኛው በሐውልት መልክ ቢሆን ኖሮ ምን ይተርፍ ነበር እያልሁ አስባለሁ። ብራና ከወርቅና ከብር ይልቅ ለወራሪ አያጓጓም፤ ደግሞም በእቅፍ ይዞ ይሸሹበታል።

ወደ አምባሰል እንሻገር። የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ናት፤ በ1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉባት። ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት በ17ኛው አንቀጽ ምክንያት ነው፤ አዝማሪ ደግሞ አምባሰልን የሚያውቃት በቅኝቷ ነው። እኔ ግን የምሄደው ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ነው። መስከረም 21 ሲደርስ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ አውቶቡስ የሚደርስበት ደርሶ ሲቆም የቀረው በእግር ነው። ጠባቡን ዳገት ከነስንቃቸው የሚወጡ አሮጊቶችን አይቶ ደከመኝ ማለት አይቻልም። ከበታች ቆላው ይጨሳል፣ ከላይ አምባው ገደል ሆኖ ይጠብቃል፤ መውጫው አንድ በር ነው።

የግሸን ነገር እንዲህ ነው። መጽሐፈ ጤፉት እንደሚተርከው የጌታ መስቀል ግማድ በአፄ ዳዊት ጊዜ ከግብፅ በኩል መጣ፤ ልጁ ዘርዐ ያዕቆብም መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያኖር በራእይ ታዘዘና ብዙ ቦታ ሲፈልግ ኖሮ ይህን አምባ አገኘ። አምባው በቅርጹ መስቀል ነውና። ግማዱ በእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያን ከመሬት በታች፣ በሣጥን ውስጥ ሣጥን ሆኖ ተቀመጠ ይባላል። ማንም አያየውም።

ማንም የማያየው ግን ግማዱን ብቻ አይደለም። አምባው ላይ የቆመ ሰው የአምባውንም ቅርጽ አያይም! ከማርያም ወደ እግዚአብሔር አብ እየተሻገርሁ፣ አሁን የመስቀሉ ክንድ ላይ ነኝ፣ አሁን ግንዱ ላይ ነኝ እያልሁ ለመገመት ሞክሬአለሁ፤ የሚታየው ሣር፣ ድንኳን፣ የሰው ጀርባና የገደል አፍ ነው። ቅርጹ የሚታየው ከሩቅና ከላይ ነው። ዛሬ በድሮን ተነሥቶ በየቀን መቁጠሪያው ላይ ወጥቷል፤ ለምእተ ዓመታት ግን ተሳላሚው ቅርጹን ተቀብሎ ረገጠው እንጂ አላየውም።

ከዚህ ጋር አንድ የሩቅ አገር ነገር አስተያያለሁ። ጣሊያን ውስጥ፣ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ፣ ቫራሎ የሚባል ከተማ አለ። ኢየሩሳሌም ኖሮ የተመለሰ በርናርዲኖ ካይሚ የሚባል የፍራንሲስካውያን መነኩሴ በ1486 እ.ኤ.አ. ከጳጳሱ ፈቃድ አግኝቶ ከከተማው በላይ ባለው ተራራ የኢየሩሳሌምን ቅዱሳን መካናት የሚመስል ስፍራ ማሠራት ጀመረ። እዚያ ዛሬ 45 ቤተ ጸሎቶችና ከ800 የሚበልጡ የሰው ልክ ሐውልቶች አሉ፤ ከእንጨትና ከሸክላ ተሠርተው፣ ቀለም ተቀብተው፣ አንዳንዶቹም ጠጉር ተተክሎላቸው። ኢየሩሳሌም መሄድ ያልቻለ የገጠር ሰው ተራራውን ወጥቶ ጌታ ሲወለድ፣ ሲገረፍ፣ ሲሰቀል ፊት ለፊት ያያል። ዘርዐ ያዕቆብ ካረፈ ገና 18 ዓመት ቢሆን ነው። ሁለት አገር፣ አንድ ትውልድ ሊባል በሚችል ጊዜ፣ አንድ ችግር ነበረበት፦ ጎልጎታ ሩቅ ነው፣ ሕዝቡ አይደርስበትም፤ ታዲያ ጎልጎታን እንዴት እናምጣው? ቫራሎ ተራራውን በምስል ሞላችው። ግሸን ተራራውን ራሱን ምስል አደረገችው። እንደ እኔ እንደ እኔ የአገራችን መልስ ድፍረቱ ይበልጣል፤ ሰው ያላበጀውን፣ ሊዞሩትም ሊያቅፉትም የማይቻለውን ነገር ለሰው ልጅ እግር ሰጠው። ቫራሎም ሄጄ ቆሜ ብሆን ሐሳቤ ይለወጥ ይሆናል።

አምባው ከግማዱ በፊትም በኋላም ሌላ ሥራ ነበረው። የሰሎሞናውያን ነገሥታት ወንድሞቻቸውና የወንድሞቻቸው ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ እዚህ ያስጠብቋቸው ነበር። ወሬው አውሮፓ ደርሶ እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታላቅ ግጥሙ ገነትን ከሚመስሉ ስፍራዎች ጋር ጠራው፤ ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 እ.ኤ.አ. የራሴላስን ልብ ወለድ የልዑላንን እስራት መነሻ አድርጎ ጻፈ። የሁለቱም እግር አምባሰልን አልረገጠም። በዚያ የነበሩት ልዑላን ግን ብርድ፣ ዘበኛና ብዙ ትርፍ ጊዜ ነበራቸው፤ ብዙዎቹም ቅኔና ድርሰት ያዙ። በ1486 ዓ.ም. ከአምባው ወርዶ የነገሠው አፄ ናዖድ መልክዐ ማርያምን ደረሰ የሚል ትውፊት አለ።

እዚህ ላይ የእኔ ነገር ይመጣል። መልክዕ የሚባለው ድርሰት ቅዱሱን ከራስ ጠጉር ይጀምራል። ወደ ራስ፣ ወደ ገጽ፣ ወደ ቅንድብ፣ ወደ ዓይን፣ ወደ ከንፈር ይወርዳል፤ ትከሻ፣ ክንድ፣ ክርን፣ ጣት፣ ጥፍር እያለ ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ሰላምታ ሰጥቶ እስከ እግር ጥፍር ያደርሳል። ቀራጭ ድንጋዩን ከላይ ወደ ታች እያበሰ እንደሚሄደው ነው። የጎልጎታው ጠራቢ ጀርባውን አለቱ ላይ የተወውን ቅዱስ ደራሲው ዙሪያውን ይዞረዋል። አያቴ ቄሱ ሐውልት አይወዱም ነበር፤ ነገር ግን በየማለዳው መልክዐ ማርያምን ሲደግሙ አንድ ሙሉ ሰውነት ከጠጉር እስከ ጥፍር በቤታችን ውስጥ ይቆም ነበር። አባቴን የወለደችው አያቴም ከጓዳ ሆና ሳትሰማው አትቀርም፤ አሻንጉሊቴን ያስወጣች ሴት ይህን ግን አላስወጣችም።

የልዑላኑ ወህኒ በ1532 ዓ.ም. የኢማሙ ሠራዊት አምባውን ሲይዝ አበቃ። በጎንደር ዘመን እስራቱ ወደ ወህኒ አምባ ተዛወረ። ለግሸን የቀረላት ማርያምና መስቀሉ ነው።

ዛሬ በበዓሉ ሰሞን ከዳገቱ ሥር ገበያ ይቆማል። መቁጠሪያ፣ የአንገት መስቀል፣ የጸበል ጄሪካን፣ የታተመ ሥዕል ይሸጣል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የመጣች፣ ከጂፕስም የተሠራች ትንሽ የማርያም ምስል ጨርቅ ላይ ተደርድራ አያለሁ። አንዲት እናት ገዝተው በነጠላቸው ሲጠቀልሏት አየሁና «እማማ፣ ይቺ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትፈቀዳለች?» አልኋቸው። «ለዚህም አይደል የምጠቀልላት፣ ቄሱ እንዳያዩኝ» አሉ። ተሳሳቅን። የመርቆሬዎስን ሥዕል ያስጠበቀ ቤተ መንግሥት የለም ዛሬ፤ ገበያው ግን ይፈርዳል።

በእኛም ከተማ ለአባ ኢየሱስ ሞአ ሐውልት ይቁም የሚሉ ወጣቶች አሉ። አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ ቆመው የለም ወይ ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ቆመዋል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ግን ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ 22 በአደባባይ የገደላቸውን ሰው በአደባባይ የሚመልስ ነው፤ የሞቱበት ከተማ ነውና ቦታው ይገባዋል። አባ ኢየሱስ ሞአ መምህር ነበሩ። ያቆሙት ተማሪ፣ ያጻፉት መጽሐፍ ነው፤ መልካቸውም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል። የሲሚንቶ ሐውልት ውኃው ዳር ቢቆምላቸው መልኩ ከምን ተወስዶ ይሆን? ከብራናው ካልሆነ ከቀራጩ ጎረቤት ፊት ነው።

ገንዘቡ ከተገኘ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። የሐይቁ ወንጌል የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በተጀመረው ሥራ፣ 1832 ቁጥር ተሰጥቶት ተነሥቷል፤ የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ ውስጥ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በኮምፒውተርም ይታያል። ሚኔሶታ ያለች ሴት ተማሪ የምታየውን የሐይቅ ልጅ ውኃው ዳር ተቀምጣ ወንድሟ ወጥቶ እስኪነግራት ትጠብቃለች። የገዳሙ ሕግ እንዲሻር አልጠይቅም፤ እሱ የመነኮሳቱ ነው። የምጠይቀው አንድ ጥሩ ቅጂ፣ በቀለም፣ በልኩ ተጠርዞ ከበሩ ውጭ፣ ሴት በምትደርስበት ቦታ እንዲቀመጥ ነው። መስታወት ያስፈልገዋል፣ ጠባቂ ያስፈልገዋል፣ ክረምት ላይ ከሐይቁ እርጥበት የሚከላከለው ክፍል ያስፈልገዋል። የመግቢያ ዋጋ ቢጠየቅበትም ተማሪዎቼ ይከፍላሉ፤ መጀመሪያ የሚገለጠው ግን የአባ ኢየሱስ ሞአ ገጽ ይሁንልን።